ጋሼ የመረጧቸው ጎማዎች

«ጎማዎቹን የት ላውርዳቸው?» አለ ጎሚስታው፣ ከግቢው በር ላይ ቆሞ።

ልጅቱ የሻይ ትሪ እንደያዘች ዞረች። «የምን ጎማ?»

«የጋሼ ነዋ!» ከዚያ የተደረደሩትን ወንበሮችና ጥቁር ልብሷን አየ፤ ድምፁ ወረደ። «ምን ሆናችሁ ነው?»

«አባባ አርፏል። ትናንት ቀበርነው።»

ጎሚስታው በሩን ተደገፈ። «ትናንት ከሰዓት እኮ ሱቄ መጥተው ነበር።»

የሟች እህት ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ትናንት ከሰዓት መቃብር ቦታ ነበርን!»

«እትዬ፣ ጋሼን አጣቸዋለሁ እንዴ? ሰፋፊዎቹን ባሳያቸው፣ ‹ለአሮጌ መኪና ሰፊ ጎማ መሪ ያከብዳል› አሉኝ። መደርደሪያ ላይ ቆይቶ የደረቀውን ጎማ ጎንበስ ብለው ስንጥቁን አሳዩኝ። በመጨረሻ ጠበብ ያሉትን፣ ጎናቸው ላይ ነጭ ቀለበት ያለባቸውን መረጡ። ‹የምትነዳው ልጄ ናት፤ እንዳይከብዳት› አሉ።»

ልጅቱ ትሪውን ወንበር ላይ አስቀመጠች።

ከልጅነቷ ጀምሮ አባቷን «መንዳት አስተምረኝ» ስትለው፣ «የመኪናዬ መሪ ለሴት እጅ አይሆንም» ነበር መልሱ። አድጋ ስትጠይቀውም ያው። በዚሁ ተኮራርፈው ቤቱን ጥላ ወጣች፤ እሱም ዓይኑ ሲደክም የመኪናውን ጎማዎች አውልቆ ድንጋይ ላይ አቆማትና ሸራ አለበሳት። ልጅቱ የተመለሰችው አንደበቱ ከተዘጋ በኋላ ነው። እጇን ይዞ በጣቱ መዳፏ ላይ ክብ ይስላል፤ አሁንም አሁንም ክብ። ብርጭቆ ማለቱ፣ የጠማው እየመሰላት ውሃ ታቀርብለት ነበር።

ልጅቱ የግቢውን ጥግ ስታሳየው፣ ጎሚስታው እያመነታ ሸራውን ገፈፈ፣ መኪናዋን በክሪክ አነሳ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ። ጎማዎቹ ልክክ አሉ። ከለቀስተኛው መሃል ሻይውን የጠጣ አልነበረም።

«ግቢና እያት» አሉ አክስቷ በሹክሹክታ፣ ቁልፉን ከወንድማቸው ትራስ ስር አምጥተው እየሰጧት።

ገባች። አባቷ ሎጋ ነበር፤ ሲነዳ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ነው የሚገፋው። አሁን ግን እግሮቿ ፔዳሎቹ ላይ ያለ ችግር አረፉ።

«አክስቴ፣ ወንበሩን ማን አስጠጋው?»

«ማን ይነካዋል? ቁልፉ እስከ ዛሬ ትራሱ ስር አልነበር እንዴ!»

ልጅቱ ወደ ጎን ተንጠራርታ የተሳፋሪውን በር ከውስጥ ከፈተችና ጠበቀች። ጥቂት ቆይታ፣ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ኮት ጫፍ እንዳይይዝባት የተጠነቀቀች ይመስል፣ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።