ለእሱ ብቻ የተላከው መልእክት

የእንግሊዝኛዋ መምህርት ጠረጴዛ ላይ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ አለ። ውስጡ ስስ እንጨቶች ታጭቀውበታል፤ በየእንጨቱ ላይ የአንድ ተማሪ ስም ተጽፏል። ጥያቄ ስትጠይቅ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቅላ አንዱን ትመዛለች፤ ስሙ የወጣ ተነስቶ ይመልሳል። ለሚያየው ዕጣ ነው። ዕጣ ግን አይደለም፤ የቤት ሥራ የሚዘልሉትን ልጆች እንጨት ጫፉ ላይ በምላጭ ጫር አድርጋዋለች፣ ጣቷ ዳሰስ ሲያደርገው ይለየዋል። ይህን ዘዴዋን በመምህራኑ የቴሌግራም ቡድን ላይ የጻፈች ዕለት የሦስት ትምህርት ቤት መምህራን «እንዲህ ነው እንጂ!» አሏት። በማግስቱ እጇን ኩባያው ውስጥ ብትከት የሁሉም እንጨት ጫፍ ተጭሯል።

መምህራኑ በሻይ ሰዓት ይህን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ። እታለም ብቻ አልሳቀችም።

እታለም የሒሳብ መምህርት ናት። በዕድሜ የሁሉም ታላቅ ስለሆነች ከዳይሬክተሩ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ «እታለም» ይሏታል፤ ዋናውን ስሟን የሚያስታውሰው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ስልክ መነካካት የተማረችው ዘግይታ፣ ማንንም ሳታስቸግር፣ እየተሳሳተችና እየሰረዘች ነው። ያን ቡድን የከፈተችውም ራሷ ናት። መጀመሪያ የማስተማሪያ ዘዴ መቀባበያ ነበር፦ ቪዲዮ፣ ሥዕል፣ በስልክ የሚሠራ ጥያቄና መልስ። እያደር ግን ሰው የሆዱን ይጽፍበት ጀመር። አንዱ «ዛሬ ክፍሉ ከእጄ አመለጠ፣ ምን ይሻለኛል?» ሲል ሌላው «እኔም ትናንት እንዲሁ ሆኜ ነው የዋልኩት፣ አይዞህ» ይለዋል። እንዲህ ያለውን ነገር መምህር ፊት ለፊት አይናገርም። እታለም በሻይ ሰዓቱ ሳቅ መሀል ያሰበችው ይህን ነበር። የሆዳችንን የምናወራበትን ቤት አንድ ሰው በሩን ከፍቶት ይሆን?

ብዙም ሳይቆይ የታሪክ መምህሩ አንድ ዘዴ ጻፈ፦ «ክፍሉ ሲንጫጫ አትጩሁ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ለመስማት ሲሉ ጸጥ ይላሉ።» በማግስቱ ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ ክፍሉ በሙሉ በሹክሹክታ መለሰለት።

«ንብ ቀፎ ውስጥ የገባሁ ነው የመሰለኝ» አለ፣ መነጽሩን እየወለወለ። «ደግሞ እኮ ጸጥ አላሉም ማለት አልችልም።»

ቀጥሎ ተራው የእታለም ሆነ። ሰሌዳ ላይ ሆን ብላ ስህተት ልትጽፍ አስባ፣ ያንኑ ማታ ለቡድኑ ነገረች። ጠዋት ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ አራት ብላ ጻፈችና ዞር አለች። ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ፈገግ ብለው ያዩዋታል።

«ቲቸር» አለች የክፍል አለቃዋ ከፊት ወንበር፣ «ማን ነቅቶ እንደሚከታተል ሊያዩ ነው አይደል?»

«ማን ነቅቶ እንደሚከታተል» የሚለው ቃል በቃል የራሷ ጽሑፍ ነበር። እታለም የቀረውን ክፍለ ጊዜ እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። ስትወጣ ጠመኔውን እንደጨበጠች ነበር።

የጂኦግራፊው መምህር ደረጃው ላይ ጠበቃት። ይህ ሰው ድምፁን ዝቅ ካደረገ ሰው ሊያማ ነው።

«የሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ሰዎች ዘዴው ይሠራላቸዋል» አላት። «የሚከሽፈው እኛ ጋ ብቻ ነው። ሰውዬው እዚሁ ነው ማለት ነው። አሁን ደግሞ እስቲ አስቢው፤ ከእኛ መሀል የማን ዘዴ ነው ከሽፎ የማያውቀው?»

ማሰብ አላስፈለጋትም። የሽቦ ነው።

ሽቦ ዘንድሮ የተቀጠረ የኬሚስትሪ መምህር ነው። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ቀጭን ነው፣ ከኪሱም የቻርጀር ገመድ ተንጠልጥሎ አይጠፋም። የኮምፒዩተር ክፍሉ ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው። ልጆች እንደ ታላቅ ወንድም ይከቡታል፤ እሱ ክፍል ባለቀለም ካርድ ያነሳሉ፣ እሱ በስልኩ ካሜራ አንዴ ቃኝቶ ማን እንደገባው ማን እንዳልገባው ያውቃል። አንድም ቀን አበላሽተውበት አያውቁም።

የሙከራ ጊዜው ደግሞ በዚያው ሳምንት ያልቃል። ዳይሬክተሩ እታለምን ጠርተው «የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አንቺ ነሽ» ብለዋታል። «ይጽና ካልሽኝ ይጸናል፣ አይሆንም ካልሽኝ እሸኘዋለሁ። ያንቺ ቃል ይበቃኛል።» እታለም ልጁ እናቱን ከሩቅ አምጥቶ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል እንደተከራየ ታውቃለች። እናትየው በመስኮት ሆነው ሲወጣ ሲገባ ሲያዩት አይታለች። ስለዚህ ቸኩላ አፏን መክፈት አልፈለገችም።

በኮሪደሩ ሲያልፍ አስቆመችው።

«አንተ፣ ያንተ ተማሪዎች ቀድመው አውቀው ዘዴህን አያበላሹብህም?»

ሳቀ። «እኔማ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፣ እታለም።»

«ትነግራቸዋለህ?»

«ምን የምደብቀው አለኝ? ካርዱ ለምን እንደሆነ ካወቁ...» ደወሉ ሲጮህ ንግግሩን አቋርጦ ሁለት እርምጃ ሄደና ተመለሰ። «ስልክሽን ስጪኝ እስቲ፤ የሚያጠራጥር ነገር ካለ የቴሌግራሙ ሴቲንግ ውስጥ ይታያል።»

እታለም ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዚፑን ዘጋች። «ደህና ነው ስልኬ።»

እሱም ፊቷን አየት አድርጎ፣ «እሺ» ብሎ ሄደ። እታለም ያን ቀን ሙሉ ጆሮዋ ላይ የቀረው «እነግራቸዋለሁ» የሚለው ቃል ነው።

ማታ ለባሏ አወራችው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ እቤት፣ መስኮቱ ሥር ነው የሚሠራው። አፉ መርፌ ስለያዘ መጀመሪያ በአፍንጫው «እምም» ይል ነበር። በኋላ መርፌውን አወጣ።

«ሲያወራ ሰምተሽዋል?»

«አልሰማሁም። ግን ታውቆኛል።»

«እኔም የወፍራሙን ሰውዬ ሱሪ ሳልለካ ስቆርጥ ወገቡ ታውቆኝ ነበር።»

«ምን አድርጊ ነው የምትለኝ?»

«ለኪዋ።»

እታለም ከመኝታዋ በፊት እንደወትሮዋ ተንበርክካ፣ ያላየችውን ከማውራት እንዲጠብቃት ለመነች። ስትነሳ ግን አእምሮዋ ቀድሞ መለኪያ አግኝቶ ነበር። ለቡድኑ ሳይሆን ለሽቦ ብቻ፣ በግል፣ ጻፈችለት፦ «ለስምንተኛ ክፍል ነገ ድንገተኛ ፈተና እሰጣለሁ፤ የክበብ ስፋት ብቻ። ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ።» ክፍሉ በዚያን ሰሞን የሚማረው ስለ መቶኛ ነው፤ ክበብ ካለፈ ከርሟል። ማንም ገምቶ ሊደርስበት አይችልም። ሽቦ ጥቂት ቆይቶ መለሰ፦ «እሺ እታለም። ግን ብትነግሪያቸው አይሻልም? የሚያውቁትን ይበልጥ ያጠኑታል።»

«አየኸው?» አለች ለባሏ፣ ስልኩን እያሳየችው። «ይሻላል ይለኛል ደግሞ።»

በማግስቱ ሆን ብላ ፈተናውን ከምሳ በኋላ አደረገችው። ስትገባ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ጠበቃት፤ ክፉ ጸጥታ ነው። በየጠረጴዛው ላይ ኮምፓስ ተቀምጧል። ከኋላ የሚቀመጠው፣ መደመር የሚያስጨንቀው ልጅ ሳይቀር የክበብ ስፋት ቀመር መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጽፏል። እታለም የፈተናውን ወረቀት አላደለችም። «ዛሬ መቶኛ ነው» ብላ ሰሌዳውን ስትጠርግ ከኋላዋ የቅሬታ ጉርምርምታ ተሰማ።

ከክፍል ወጥታ በቀጥታ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። ደሟ ፈልቷል፤ ግን አልጮኸችም፣ እንዲያውም ከወትሮዋ ዝግ ብላ ነው የተናገረችው።

«ለእሱ ብቻ ነው የላክሁት። ለሌላ ለማንም አልነገርኩም። ከቤቴ ሰው በቀር።»

«ባልሽ ለተማሪ አያወራም መቼም» አሉ ዳይሬክተሩ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «በቃ። ቃልሽ ይበቃኛል ብያለሁ። ዛሬ ወጥቶ ሳይሄድ እነግረዋለሁ።»

የመምህራን ክፍል ስትደርስ ወሬው ቀድሟታል፤ የጂኦግራፊው መምህር የዳይሬክተሩ በር አጠገብ ማስታወቂያ ሲያነብ ነበር። «እኔ ብያለሁ» አላት።  ሌሎቹ ስልካቸውን እያዩ፣ ማንም ግን ምንም ሳይጽፍ፣ ተቀምጠዋል። ቡድኑ ላይ ከማለዳ ጀምሮ አንድ መልእክት አልገባም።

እታለም የባከነውን ፈተና በሌላ መተካት ነበረባት። ኮምፒዩተር ክፍሉ ሄዳ ልትጽፍና ልታትም ተነሳች። በሩ ገርበብ ብሏል። ሽቦ የለም። ጥግ ላይ፣ ከፕሮጀክተሩ ጋር የተያያዘው ኮምፒዩተር ፊት የክፍል አለቃዋና ሦስት ጓደኞቿ ተደራርበው ቆመዋል። ሲያዩዋት አንዷ ማውሱን ልትይዝ እጇን ሰነዘረች።

«ተይው» አለች እታለም።

ስክሪኑ ላይ የመምህራኑ ቡድን ተከፍቷል። በግራ በኩል የግል መልእክቶች ተደርድረዋል፤ ከላይ «ለስምንተኛ ክፍል ነገ ድንገተኛ ፈተና» ይላል። ጥጉ ላይ ትንሽ ክብ ፎቶ አለ። ነጠላ የለበሰች፣ ካሜራውን እንደሚጠራጠር ሰው ዓይኗን ያጠበበች ሴት። ራሷ ናት።

«ማነው የከፈተላችሁ?»

ልጆቹ ተያዩ። የክፍል አለቃዋ ናት የደፈረችው፦ «ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት። የክፍልፋዩን ቪዲዮ ሊያሳዩን ያን ጊዜ ከፍተውት... ሁሌም ክፍት ነው።»

«መምህራችሁ ያውቃል? የኬሚስትሪው?»

«አያውቁም። እሳቸው ሲመጡ እናሳንሰዋለን። ካወቁ ይዘጉብናል።»

እታለም ወንበር ስባ ተቀመጠች። ትዝ አላት። ቪዲዮውን ካሳየች በኋላ ስክሪኑን አጥፍታ ወጥታለች፤ ስክሪኑ ሲጠፋ ሁሉም የጠፋ መስሏት። ከስልኳ የምትጽፈው ሁሉ ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚህም ይወጣ ነበር። ለእሱ ብቻ ብላ የላከችውን እነዚህ ልጆች ምናልባት ከእሱ ቀድመው አንብበውታል።

«ውጡ» አለቻቸው፣ ሳትቆጣ። ወጡ።

ደረጃው ላይ የጂኦግራፊውን መምህር አገኘችው። ነገረችው። ለምን እንደነገረችው አታውቅም፤ ምናልባት አንድ ሰው ካወቀ መመለስ አይቻልም ብላ ይሆናል። እሱ ግራ ቀኝ አየ።

«ዝጊውና ዝም በይ። ማን ያውቃል? ልጁ ወጣት ነው፣ ሌላ ቦታ ያገኛል። በዚህ ዕድሜሽ ራስሽን መሳቂያ ታደርጊያለሽ?»

«እነዚያ ልጆች ያውቃሉ» አለች።

«ልጆች ይረሳሉ።»

«ልጆች? የሰባት ጊዜ ስምንትን መልስ ይረሳሉ እንጂ ይህንንስ አይረሱም» ብላው አለፈች።

የዳይሬክተሩን በር ስታንኳኳ ሽቦ ውስጥ ቆሟል። ንግግሩ ተጀምሮ እንደነበር ከፊቱ አወቀች፤ ገመዱን ከኪሱ አውጥቶ ጣቱ ላይ እየጠመጠመ ነበር።

«ጌታዬ፣ የተናገርኩት ልክ አይደለም» አለች።  «ሲያወራ የኖረው የእኔ አካውንት ነው። ኮምፒዩተር ክፍል ከፍቼው ረስቻለሁ፤ ልጆቹ ሁሉን ነገር እዚያ ሲያነቡ ነው የከረሙት። ይህ ልጅ እጁ የለበትም። ቃሌ ይበቃል ካሉኝ፣ ቃሌ ይጽናለት የሚል ነው።»

ዳይሬክተሩ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አዩ። «ይህን ለሌሎቹም ትናገሪያለሽ?»

«ቡድኑ ላይ እጽፈዋለሁ። አሁኑኑ።»

«መጀመሪያ ያን ነገር ዝጊልኝ እንጂ» አሉ። ከዚያም ለሽቦ፣ «ሰማህ። ሂድና ክፍልህን ጨርስ።»

ሁለቱ አብረው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ሽቦ ስልኳን እንድትሰጠው እጁን ዘረጋ፤ በዚህ ጊዜ ሰጠችው። አንድ ሁለት ቦታ ነካ ነካ አደረገ። «ይኸው» አላት። «እዚህ ጋ የተከፈተበት ቦታ ሁሉ ይታያል። ይህ የኮምፒዩተር ክፍሉ ነው። ዘጋሁት።» ስልኩን መለሰላት።

«ይቅር በለኝ» አለች።

 ገመዱን ከጣቱ ፈታው።

«ፈተናው እውነት ነበር?» ብሎ ጠየቃት። «የክበቡ። ወይስ እኔን ልታዪበት ነው?»

እታለም ልትዋሽ ትችል ነበር፤ እውነት ነበር ብትለው ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

«አንተን ላይበት ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ደግሞ፣ ምክር ጠየቀችኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለእናቴ ሁሉ አነበብኩላት።»

ደወሉ ተደወለ፤ ከየክፍሉ ልጆች ፈልቀው ኮሪደሩን ሞሉት። ሽቦ በመሀላቸው እየተሽሎከለከ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደና ዞር አለ።

«እንጀራዬን መልሰሽልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አላት። «ግን እታለም፣ ከእንግዲህ የምትልኪልኝን ሁለቴ ነው የማነበው።»

 እታለም እዚያው ስልኳን ከፍታ፣ ልጆቹ በትከሻቸው እየገፏት፣ ለቡድኑ መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ሰረዘችው።