የታፈረ ቀኝ ጓንት

ጓንት በቀለሙ አይመረጥም ብዬ ብዬ ደከመኝ። ከላሊበላ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ወጥተው ድንኳን ውስጥ ለሚያድሩ ሰዎች ጓንትና ካልሲ የማከራየው እኔ ሰብሌ ነኝ። አንዱ ይመጣና «ይሄኛው ከጃኬቴ ጋር ይሄዳል» ይለኛል። ጃኬትህ ጣት የለውም እለዋለሁ። የጥጥ ካልሲ ላብ ይጠጣና ማታ እግርን ያደነዝዛል፤ ሱፍ ግን ርሶም ይሞቃል። ጫማው ከጠበበ ደግሞ ሁለት ካልሲ መደረብ ብርዱን መጋበዝ ነው። ጓንትም አራቱ ጣቶች አብረው የሚገቡበት ይሻላል፤ ጣት ከጣት ይሟሟቃል። ይህን ስናገር ፊታቸውን ያጨማድዱብኛል፤ ሲመለሱ ግን «እትዬ ሰብሌ፣ እግዜር ይስጥልን» ነው።

ሱቄ ግድግዳ ላይ የማላከራየው አንድ ግራ ጓንት ተሰቅሏል። ቡኒ ነው፤ እንደ ጥንዱ አውራ ጣቱ ጋ በቀይ ክር ሰፍቼዋለሁ። ጥንዱን ዓምና የወሰደው የጭነት በቅሎ ነጂው ታፈረ ነበር። ተራራው ላይ ጉም ከጓደኞቹ ለየውና በማግስቱ ሰው በሚያክል የጅብራ ተክል ሥር ተቀምጦ፣ ሞቶ ተገኘ። ጃኬቱ እንደተቆለፈ፣ ካልሲው እንደደረቀ ነው። ግራ እጁ ጓንት ውስጥ ነው። ቀኝ እጁ ብቻ ባዶውን፣ ሰው ሊጨብጥ ወደ ፊት ተዘርግቷል። ጓንቱን ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡት።

እኛ አገር ጓንት እንዳጠለቁ ታላቅን መጨበጥ ነውር ነው። አውልቀህ፣ ክንድህን በግራ እጅህ ደግፈህ፣ ጎንበስ ብለህ ነው። ሽማግሌው ስለ ልጁም ስለ ከብቱም ስለ አዝመራውም ጠይቆ እስኪለቅህ ድረስ እጅህን መንጠቅ አይቻልም። ታፈረ ደግሞ ጨዋ ልጅ ነበር። ጉሙ ውስጥ ሽማግሌ ሊጨብጥ አውልቆት ይሆን ብዬ ያሰብኩት ከቀብሩ ስንመለስ ነው፤ እብድ እንዳልባል ለማንም አልተናገርኩም።

ዘንድሮ በጥር የእንግዶቹ ወጥ ሠሪ ታመመና እኔ ተተካሁ። መንገድ መሪው ባሌ ደሳለ ነው። ክረምቱን ብራና ላይ ይጽፋል፤ የምንኖረው በዚያ ቀኝ እጁ ነው። የሱፍ ጓንት መርጬ ሰጠሁትና «ማንም ቢመጣ እንዳታወልቅ» አልኩት።

«ጳጳስ ቢመጡስ?» ብሎ ሳቀብኝ።

እንግዶቹ ድንኳን ሲተክሉ እኔና እሱ ከምንጩ ውሃ ቀድተን እንመለስ ነበር። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ጉም ከገደሉ ወጣና መንገዱን ዋጠው። ሣሩ ውስጥ ሲንጫጩ የነበሩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ባንዴ ዝም አሉ። ከአንድ ጅብራ አጠገብ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ ቆመዋል። ፊታቸው አይታይም። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተዋል።

«እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባቴ» አለ ደሳለ፣ ጓንቱን በጥርሱ እየሳበ።

ጮኼ ልይዘው አሰብኩ፤ ግን የተዘረጋን እጅ ትቶ የሚያልፍ ሰው አይደለም። ጀሪካኑን ጣልኩና መሀላቸው ገባሁ። የራሴን ጓንት አውልቄ ብብቴ ሥር ወሸቅሁና እጄን ሰጠኋቸው።

ያዙኝ። ብርዱ አጥንቴን ዘልቆ ክርኔ ድረስ ገባ።

«ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ከብቱስ? አዝመራውስ?»

ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ የሚቸኩሉበት ነገር የለም። ጣቶቼ አንድ በአንድ ሲጠፉ ይታወቀኛል። ደግሞ የሚያሳዝነው፣ እጄን መንጠቁ አሳፈረኝ። ያኔ ታፈረን አሰብኩትና ንድድ አለኝ።

«ይበርዳል አባቴ፤ ባሌን ራት አላበላሁትም፤ ደህና ያምሹ!» ብዬ እንደ ባለጌ እጄን መነጨቅኋቸው።

ጉሙ ገለጥ ሲል ጅብራው ብቻ ነበር።

ድንኳን ገብቼ ከብብቴ ሥር ያወጣሁት ጓንት የኔ አልነበረም። ቡኒ የቀኝ ጓንት ነው፤ አውራ ጣቱ ጋ ቀይ ክር አለው። ውስጡ አሁን ከእጅ የወለቀ ያህል ይሞቃል።

ደሳለ ዛሬም ይጽፋል። «አንዲት ባለጌ ሚስት ሽማግሌ ሰደበችብኝ» እያለ ይቀልድብኛል፤ ይቀልድ፣ እጁ ደህና ነው። የኔ ቀኝ ግን እሳትም ውሃም አይለይም። ሰው ሳይኖር ሱቄን ዘግቼ ያን ጓንት አጠልቃለሁ። የሚሰማኝ እሱ ውስጥ ብቻ ነው፤ ያ የሽማግሌው እጅ ይጨብጠኝና፣ ቀስ ብሎ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቀኛል።