የግራ እጇ ምት

የፋብሪካው ነርስ መዝገብ፣ ሰኞ ጠዋት፦ የእህቴ የደም ግፊት መቶ ሰባ በዘጠና አምስት፤ «ጨው ታቁም።» የሰፈራችን ክሊኒክ ካርድ፣ በዚያው ሰኞ ከሰዓት፦ ሰማንያ በሃምሳ፤ «ጨው ትጨምር።»

እናታችን ነርሷን አመነች፤ እኔ ክሊኒኩን። በልብስ ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ የሆነችው ታላቅ እህቴ ግን ጭንቋ ሌላ ነበር። ግራ እጇ ጨርቁን ወጥሮ መያዝ አቅቶት ይዝላል።

«ጨምሪ፣ ቀንሺ! ወጥ አደረጋችሁኝ እኮ!» አለች።

ማክሰኞ ይዣት ትልቁ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሟ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግታ ደጋግማ አየች።

«ክሊኒኩ የትኛውን እጅሽን ነው የለካው?»

«ግራዬን። ወንበሩ በቀኝ በኩል ከግድግዳ ተጣብቋል።»

«ነርሷስ?»

«ቀኜን። ግራ አንጓዬ ላይ የጨርቅ መርፌ መሰኪያዬን እንዳሰርኩ ነው ነርሷ ጋ የምሄደው። ማን ይፈታዋል፣ ሥራ እያለ!»

ሐኪሟ ከወንበሯ ብድግ አለች። ሁለቱንም ክንድ ለካች፤ ከዚያ ግራ አንጓዋን በጣቶቿ ዳሰሰች፣ ቦታ ቀየረች፣ እንደገና ዳሰሰች።

«ና፣ አንተም ሞክር» አለችኝ።

ቀኟ ላይ ምቱ ጣቴን ይገፋል። ግራዋ ላይ ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ ምንም! የእኔ ልብ ግን በሁለቱም ፈንታ ይደልቅ ነበር።

«ሁለቱም አልተሳሳቱም!» አለች ሐኪሟ፣ ዓይኗ እያበራ። «ሰውነትን የሚጠብቀው መከላከያ አንዳንዴ የራሱን የደም ቧንቧ እንደ ጠላት ያጠቃል። ቧንቧው ይቆጣና ይጠባል። ብርቅ በሽታ ነው። ወደ ግራ እጅሽ የሚሄደው ደም ጥቂት ነው፤ እውነተኛው ግፊትሽ የቀኙ ነው። ተኝተሽ በምስልና በደም ምርመራ እናረጋግጣለን።»

«እሰይ! ዘበኛው ነዋ ሌባው!» አለች እህቴ።

«መድኃኒት አለው። ግን ለወራት፣ ምናልባትም ለዓመታት ነው። ፊት ያሳብጣል፣ አጥንት ያሳሳል። ዝም ካልነው ደግሞ እጅሽ ላይ አይቆምም፤ ዓይንና አንጎልም አሉ።»

«እቴ፣ እናታችንን እናማክር?» አልኳት።

እህቴ ግራ እጇን አንስታ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፣ ዘረጋቻቸው።

«ፊቴ እንዳሻው ይበጥ፤ እጄን አልሰጥም» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ዶክተር፣ አልጋ ይስጡኝ። ዛሬውኑ እተኛለሁ።»