ሳይነበብላቸው አይወጣም

ዶክተሩ የጥናት ማዕከሉን ወንበር በተረከበ በሦስተኛው ቀን በየጠረጴዛው ላይ አንድ ገጽ ደብዳቤ አስቀመጠ። የንባብ ቀን ቀርቷል ይላል። ምክንያቱም በሁለት መስመር ተጽፏል፤ ጊዜ ይበላል፣ የተመራማሪውንም ነፃነት ይጋፋል።

መዝገቢት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። መዝገቢት የሚሏት ባልደረቦቿ ናቸው፤ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማን ምን እንዳለ ቀኑን ሳትስት ስለምትናገር። ሥራዋ የድምፅ ክፍሉን መምራት ነው። ተመራማሪዎች ከሸክላ ሠሪው፣ ከቆዳ አልፊው፣ ከጎዳና ጠራጊው፣ ባጠቃላይ ሰው ፊቱን ከሚያዞርበት ሁሉ ዘንድ ሄደው የቀዱትን ድምፅ እየሰማች ወደ ጽሑፍ ትገለብጣለች። ጥናቱ ሲያልቅ ደግሞ የተጠኑት ሰዎች ወደ አዳራሹ ይጠራሉ። እሷ ከፊታቸው ቆማ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ታነብላቸዋለች። «እንዲህ አላልንም» ካሉ ይታረማል። ሰምተው ሲስማሙ በማጽደቂያው ቅጽ ላይ ትፈርማለች። ያለዚያ ፊርማ አንድም ጥናት ከዚያ ግቢ ወጥቶ አያውቅም።

ይህን ደንብ ያወጡት በዚያው ሳምንት ጡረታ የወጡት አሮጊቷ ፕሮፌሰር ናቸው። ቦታቸውን መዝገቢት ትወርሳለች ብሎ ያልገመተ አልነበረም። ሁለት ዲግሪ አላት፤ ሰባት ዓመት ምክትል ሆና ሠርታለች። ቦርዱ ግን ሲመክር ውሎ «ለማዕከሉ ገለልተኛ ሰው ይሻላል» ብሎ ተነሣ። ገለልተኛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ስላወቀው ማንም አልጠየቀም። መዝገቢት የቆዳ አልፊ ልጅ ናት፤ ጠረኑ እንዳይከተላት እናቷ በየማለዳው እየፋተገች ነበር ትምህርት ቤት የምትልካት። ስለ ተገለሉ ሰዎች የሚያጠና ቤት ከተገለሉት አንዷ ወንበሩ ላይ እንዳትቀመጥ ፈራ። ጉድ እኮ ነው!

ወንበሩ ሲነፈጋት ዋጥ አድርጋው ነበር። የንባቡን ነገር ግን መዋጥ አቃታት። ምክንያቱም ቀጥሎ የሚወጣው የቆዳ አልፊዎቹ መጽሐፍ ነው፤ ደራሲውም ራሱ ዶክተሩ። ከመሾሙ በፊት ለጥናቱ ሲመጣ አንድም ቆዳ አልፊ አፉን አልከፍትለት ብሎ፣ አክስቷን ጨምሮ አርባ ሰው ያግባባችለት እሷ ናት። «ሳይነበብላችሁ አይወጣም። ይህን ካጠፍሁ ዓይኔን አትዩት» ብላ ነበር ቃል የገባችላቸው። አሁን ዶክተሩ የሚያጥፈው የራሱን ሳይሆን የእሷን ቃል ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።

የመጽሐፉ ርእስ «የተነፈገው እጅ» ይላል። ገጽ አሥራ አራት ላይ ስትደርስ ብቻዋን ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ ንዴት ሆነባት። መጽሐፉን ይዛ ሳታንኳኳ ወደ ቢሮው ገባች።

«ዶክተር፣ ገጽ አሥራ አራት ስሕተት ነው።»

«ምኑ ላይ?»

«እሱን እኔ አልነግርዎትም። ሐሙስ ከመመረቁ በፊት ያንብቡላቸውና እነሱ ይንገሩዎት። ደንቡ የተሠራው ለዚህ ነው።»

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠራረገ። «ይገባኛል፤ ዘመዶችዎ ናቸው። ለዚህም ነው ገለልተኛ ሊሆኑ የማይችሉት።»

«እንግዲያው አልፈርምም።»

«ቅጹ ቀርቷል እኮ። ፊርማዎን ማን ጠየቀ?»

ከቢሮው ስትወጣ ፊቷ ይነድ ነበር። ወደ ድምፅ ክፍሏ አልተመለሰችም። ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ ቆዳ ማልፊያው ሰፈር ወረደችና አክስቷን ፈለገቻት። አክስቷ እስከ እጅ አንጓዋ ኖራ በኖራ ሆና፣ ከገንዳ ውስጥ የራሰ ቆዳ በረጅም እንጨት እየገለበጠች ነበር። እጇን ሳታወጣ ሁሉንም ሰማች።

«ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ» አለች በመጨረሻ። «ቁርበቱን የምናለፋው ደግሞ እኛ! ስንት ሰዓት ነው ምረቃው?»

«አራት ሰዓት ላይ። ግን አክስቴ፣ ከሥራ ሊያባርረኝ ይችላል።»

«ፈርተሻል?»

«በጣም።»

«ጥሩ። ፈርተሽም ነይ።»

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ በእንግዶች፣ በቦርድ አባላትና በጋዜጠኞች ተሞልቶ ሳለ አርባዎቹ ቆዳ አልፊዎች ያለ የሌለ ልብሳቸውን ለብሰው በሩ ላይ ደረሱ። ዘበኛው የጥሪ ካርድ ጠየቀ።

«የተጻፈው ስለ እኛ ነው» አለችው አክስቷ። «የሞተ ሰው እንኳ በገዛ ቀብሩ ላይ ይገኛል፤ እኛ በሕይወት እያለን እንቅር?»

ዘበኛው ሳቁ አመለጠውና በሩን ለቀቀው። ወንበር ያጡት ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ዶክተሩ ንግግሩን እንደጀመረ አክስቷ እጇን አወጣች።

«አንብቡልን።»

«እናቴ፣ መጽሐፉ ሁለት መቶ ገጽ ነው። ጊዜ የለንም።»

«እኛ አንድ ቆዳ እስኪለፋ ሁለት ሳምንት እንጠብቃለን። ሁለት መቶ ገጽ አይገድለንም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። የቦርዱ ሰብሳቢ ነገሩን ለማብረድ ብለው «እንግዲያው አንድ ገጽ ይነበብና እንለፍ» አሉ። ማን እንደሚያነብ አልተናገሩም። መዝገቢት ግን አልጠበቀችም፤ ተነሥታ ከፊት ቆመች። ገጽ አሥራ አራትን ገለጠች።

«‹ቆዳ አልፊዎቹ ለእንግዳ እጃቸውን አይዘረጉም› ይላል። ‹ለትውልዶች የተሸከሙት የበታችነት ስሜት እጃቸውን አስሮታል። ራሳቸውን ለመጨበጥ የተገቡ አድርገው አይቆጥሩም።›»

ከግድግዳው በኩል አንዱ ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለው። አክስቷ ብቻ አልሳቀችም።

«ልጄ» አለችው ዶክተሩን፣ «ኖራ እኮ ነው። ፀጉሩን ከቆዳው የምናራግፈው በኖራ ነው። የእኛ እጅ ለምዶታል፤ ያንተን ግን ይልጠዋል። እንዳናቃጥልህ ብለን ነው እጃችንን የሰበሰብነው። በእጅ ፈንታ ክንድ እንሰጣለን። አንተም የመጣህ ቀን ክንዴን ዘርግቼልህ ነበር። አይተኸዋል፤ አልነካኸውም። ጥለኸኝ ሄድክና ይህን ጻፍክ።»

አሁን የሚስቅ ጠፋ። ሰብሳቢው ዓይናቸውን መጽሐፉ ሽፋን ላይ ተክለው ቀሩ። የሦስት ምዕራፍ ሐተታ የቆመው በዚያች አንቀጽ ላይ መሆኑን ያነበበ ሁሉ ያውቃል።

ዶክተሩ ግን ቶሎ የሚወድቅ ሰው አልነበረም። ፈገግ ብሎ ከመድረኩ ወረደ። «በጣም ጠቃሚ አስተያየት ነው። በሁለተኛው ዕትም እናስተካክለዋለን» አለና ወደ አክስቷ ተጠግቶ ቀኝ እጁን ዘረጋ። «አሁን ግን ይኸው፣ እንጨባበጥ!» ካሜራዎቹ ተሻሙ። ያን ፎቶ ካገኘ መጽሐፉ እንዳለ እንደሚወጣ መዝገቢት ገብቷታል።

አክስቷ የተዘረጋውን እጅ አየችው። ከዚያ ሁለት እጆቿን ገልብጣ ለሰው ሁሉ አሳየች።

«ዛሬ ገንዳ አልገባሁም። ሦስቴ በሳሙና ታጥቤ ነው የመጣሁት፤ ኖራ የሚባል የለበትም። ዛሬ የማልጨብጥህ ስላልፈለግሁ ነው። ይህንን ጻፍ። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ ጻፍ።»

የዶክተሩ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሲያወርደው ፊቱ ቀልቶ ወደ መዝገቢት ዞረ፤ አንቱታውንም ያን ጊዜ ረሳው።

«አንቺ ነሽ የጠራሻቸው። ነገ ጠዋት ቢሮሽን ታስረክቢያለሽ።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ባንድ ዐረፍተ ነገር ተወሰደ። ቢሆንም እስክሪብቶ ከኪሷ አወጣችና አክስቷ ያለችውን ቃል በቃል በገጹ ጠርዝ ላይ ጻፈችው። ጽፋ እስክትጨርስ ከአርባው አንድም አልተነቃነቀም። ሰብሳቢውም ለመሄድ ብድግ ካሉ በኋላ መልሰው ተቀመጡ።

«አስረክባለሁ» አለችው፣ የኋለኛው ረድፍ እስኪሰማ። «ዛሬ ግን ገና አንድ ገጽ ነው ያነበብነው።»

ገጽ አሥራ አምስትን ገለጠች።