ልጄ በነጻ ልትሠራ ነው

እና እምቢ ብትል ምን ትሆናለች፣ ሰማይ አይደፋባት፣ አፖንዲ አባቷ መጥበሻ አጠገብ ቁጭ ብላ የዓሣውን ቅርፊት ከጭራ ወደ ጭንቅላት እየፋቀች ታስባለች፣ ቅርፊቱ ክንዷ ላይ፣ ሹሩባዋ ላይ፣ አንዷ ደግሞ ከንፈሯ ላይ ትለጠፋለች፣ ቱ፣ እስከ ምሳ ሰዓት መልስ ስጪን ብለዋታል፣ ምሳ ሰዓት ደግሞ ይኸው፣ የኪሱሙ ከተማ ሰው ከነረሃቡ ወደ ሐይቁ ዳር እየወረደ ነው።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፣ በሐይቁ ምርምር ጣቢያ ለሁለት ወር በተለማማጅነት እንዲሠሩ መመረጥዎን እየገለጽን፣ ደመወዝም ሆነ አበል የማይከፈል መሆኑን ከወዲሁ እናሳውቃለን። ከወዲሁ። ጨዋ ቃል። እህቴ፣ ኪስሽ ባዶ ነው የሚሆነው፣ በኋላ እንዳትነዘንዢን ማለት እኮ ነው፣ ግን ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ክፍሏ ሁሉ የተመረጡት ሁለት ብቻ፣ የዓሣ ሳይንስ እማራለሁ ስትል አፍንጫቸውን ይዘው የሳቁባት ሳይቀሩ ያመለከቱበት።

ናይሮቢ ደግሞ የባባ፣ የአባቷ፣ እህት አለች፣ አክስት አኬሎ፣ የስልክ ሱቅ አላት፣ ነይ አንቺ ትላታለች፣ በእረፍቱ ከኔ ጋር ስልክ ሽጪ፣ በወር በወሩ እከፍልሻለሁ፣ እዚያ ጭስ ውስጥ ምን ተጎልተሽ ትውያለሽ። የሚቀጥለው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ግማሹ እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው ያለው። ግማሹ ከባባ ትከሻ ሊወርድ።

ባባ። ከመጥበሻው ኋላ ቆሟል፣ ቀኝ ጉልበቱ ካበጠ ሰንብቷል፣ ሰው ሳያየው ክብደቱን ወደ ግራ ይጥላል፣ እሷ ስታየው ጭራሽ ወገቡን ያወዛውዛል፣ እየጨፈርኩ ነው እንጂ አላመመኝም ለማለት፣ አታላይ ሽማግሌ። መመረጧን ነግራዋለች፣ አለመከፈሉን ግን ዋጥ አድርጋዋለች፣ እሱ ለደንበኛ ሁሉ ለፍፏል፣ ልጄ ሐይቁን ልትመረምር ነው፣ ተጠንቀቁ። ዓሣ ጆሮ ውስጥ ትንሽ አጥንት አለች፣ እንደ ዛፍ ግንድ የዓሣውን ዕድሜ ቀለበት በቀለበት የጻፈች፣ በአጉሊ መነጽር ያየቻት ቀን ደውላ ስትነግረው ሰማትና፣ እኔ ስንቱን ሽማግሌ ጠብሻለሁ ማለት ነው አለ።

ስልኩ ጠራ። ሽርጧ ኪስ ውስጥ፣ እጇ ደግሞ ደምና ቅርፊት፣ ባባ እጁን ጠራርጎ እያነከሰ መጣና አወጣላት፣ ዶክተር ምቡላ ይላል፣ የምርምር ጣቢያው ኃላፊ ናት፣ ጆሮዋ ላይ ያዘላት፣ የራሱንም ጆሮ አስጠግቶ፣ ወይ ጉዴ።

አፖንዲ፣ ወሰንሽ ወይ? ዶክተር፣ እ፣ ክፍያው እኮ። አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ እኔንም ያሳፍረኛል፣ የትራንስፖርት እንኳን የለንም፣ ያለን ጀልባና ሥራ ነው፣ ግን ሌላ ተማሪ እየጠበቀኝ ነው።

ባባ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጠፈው። ለምን ደበቅሽኝ? ድምፁ ቁጣ የለበትም፣ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ጉልበትህን እያየሁ ሁለት ወር ተጨማሪ ቀልበኝ ልበልህ? በይኛ! በይኛ አንቺ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባሽ ወዲህ አባዬ ራበኝ ያልሽኝ መቼ ነው፣ ለአገሩ ሁሉ እየጠበስኩ ማታ ለብቻዬ ነው የምበላው። ናይሮቢ መሄድ ካሻሽ ሂጂ፣ ግን በኔ አታመካኚ።

ዓሣው አረረ፣ ይላል አንድ ደንበኛ፣ ይረር፣ ይላል ባባ ሳይዞር፣ እሷ እሱን ለማሳረፍ ስታሰላ እሱ ለካ ብቻውን ነው የሚበላው፣ እሱ ላይ መክበድ ብቻ ነው የፈራችው፣ ከጎኑ መጉደሏ እንደሚከብደው ማን ነገራት፣ ዕንባዋን በእጇ እንዳትጠርግ እጇ ዓሣ ነው፣ መልሰው፣ ስልኩን መልሰው ባባ።

ዶክተር፣ ግማሽ ቀን ብሠራስ፣ ምሳ ሰዓት ላይ እዚህ መጥበሻው ጋ መቆም አለብኝ፣ አባቴ እንዲቀመጥ። አበቃ፣ ሌላውን ተማሪ ልትጠራው ነው፣ ባባ ጆሮውን መልሶ አስጠጋ። እኛም ናሙና የምንወስደው ጎህ ሲቀድ ነው፣ ትላለች ዶክተር ምቡላ፣ ጎህ ላይ ጀልባዋ ጋ ከደረስሽ ከእኩለ ቀን በፊት እለቅሻለሁ። እሺ፣ እደርሳለሁ፣ እሺ።

የአክስት አኬሎ ቁጣ ገና አለ፣ የክፍያው ግማሽም እንዳለ ነው፣ አንድ ሳንቲም አልጎደለም፣ ማታ ከባባ ጋር ቁጭ ብለው ይጨነቁበታል፣ አብረው፣ እሱ ግን አሁን ማንኪያውን ከፍ አድርጎ በተራበው ሰው ሁሉ ፊት ይጮሃል፣ ስሙ፣ ልጄ በነጻ ልትሠራ ነው! እንደ ሹመት ነው የሚያውጀው፣ ያ ዓሣው ያረረበት ሰውዬም ግራ ገብቶት ተነሥቶ ያጨበጭባል።