ለየአገሩ አንድ ልጅ

ኦቲሊያ ሁለት ልጆች ወልዳ ለሁለት አገር አካፈለቻቸው። ለሌላ ሰው እብደት ይመስላል፤ አንድ መንገድ ብቻ በሚለያቸው በኡራጓይዋ ሪቬራ ወይም በብራዚሏ ሊቭራሜንቶ ላደገ ሰው ግን ብልጠት ነው። መንገዱን ተሻግረህ ዳቦ ስትገዛ ብራዚል ነህ፣ ዳቦህን ይዘህ ቤትህ ስትገባ ኡራጓይ ነህ፤ ወዴት ነህ የሚልህ የለም። የማን አገር ሰው ነህ ብሎ አጥብቆ የሚጠይቅህ ሆስፒታል ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ይህን አስባ የበኩር ልጇን ቫልዲርን በብራዚል ወረቀት፣ ታናሺቱን ኔልሲን በኡራጓይ ወረቀት አሳደገች። የአንዱ አገር ሕክምና ሲከፋ የሌላው ይደርሳል፣ አንዱ ልጅ ሌላውን ይጎትታል ብላ ነው። ቫልዲር የተወለደው ግን ከወዲህ፣ ኡራጓይ ውስጥ፣ እዚያው አልጋዋ ላይ ነበር፤ ስለዚህ ጎረቤቷና አበልጇ ጁሬማ ደረሰችላት። ጁሬማ የብራዚል ሰው ናት፤ በወረቀቱ ላይ የቫልዲር እናት እሷ ሆነች። በዚያ ሰፈር እንዲህ ያለ ወረቀት የሌለበት ቤት በባትሪ ቢፈለግ አይገኝም፤ እንደ ኃጢአት የሚቆጥረውም አልነበረም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ብሎ የመከራቸው ሰው ጠፋ።

ወንድምና እህት የማን አገር ሕክምና ይሻላል እያሉ ሲነታረኩ አደጉ። ኔልሲ የምትሠራው ከወዲህ ማዶ፣ በአባላት መዋጮ የሚተዳደር የግል ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። መዋጮው በየወሩ ከደሞዟ ይቆረጣል፣ ሐኪም ለማየት ደግሞ በመስኮት ቲኬት ትገዛለች፤ ግን አንሶላው ነጭ ነው፣ ሐኪሙም በስሟ ይጠራታል። ቫልዲር ከወዲያ ማዶ ጎማ ይጠግናል። የሱ ሆስፒታል የመንግሥት ነው፤ ማልዶ ተሰልፎ፣ ቁጥር ተቀብሎ፣ ቁጥሩ ሳይደርሰው የሚመለስበት ቀን ይበዛል። አንዴ ከገባ ግን እጅህን ወደ ኪስህ ስደድ የሚለው የለም። ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ በአንድ ቅል እየተቀባበሉ ሲጠጡ ሁሌ ይህንኑ ያነሳሉ።

"ያንቺ ሐኪም ስምሽን የሚያውቀው ቲኬቱ ላይ ስላነበበው ነው" ይላታል።

"ያንተ ደግሞ ስምህን ሳያውቅ ይቀብርሃል" ትለዋለች።

ይሳሳቃሉ። ደግሞም ከሁለቱም ይጠቀሙ ነበር፤ የኦቲሊያ የደም ግፊት ኪኒን ከወዲያ በጁሬማ ስም በነጻ ይመጣል፣ የጁሬማን ዓይን ያየላት ደግሞ ኔልሲ ለምና ያመጣችው ሐኪም ነው። እንዲህ ተደጋግፈው ኖሩ።

ቫልዲር በአርባ አንድ ዓመቱ እግሩ አበጠ። ጎማ ሲያነሳ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር፤ ሲመረመር ሁለቱም ኩላሊቶቹ አልቆላቸዋል። እዚህ ላይ ኔልሲ አፏን ዘጋች። ሐቅ ሐቅ ነው፤ ያ የምትንቀው የመንግሥት ሆስፒታል በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊት እጥበት አስጀመረው፣ መድኃኒቱንም አምስት ሳንቲም ሳይጠይቅ ሰጠው። ሐኪሙ ግን ልቡ እየደከመ ነው፣ እጥበቱ ብዙ አያዘልቀውም፣ ኩላሊት የሚሰጥ ዘመድ ካለ ቶሎ ይቅረብ አለ። ሐኪሙ ሳይጨርስ ኔልሲ እጅጌዋን ሰበሰበች።

ደማቸው ገጠመ። እዚያው ብራዚል፣ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ ያለው ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል ለሰኔ አጋማሽ ቀጠሮ ያዘላቸው። ከባድ እንዳታነሺ፣ ጨው ቀንሺ፣ ያንን ኩላሊት እንደ እንቁላል ጠብቂው ተባለች። እሷም የእርጥብ አንሶላውን ቅርጫት ለጓደኞቿ ትታ ማጠፍ ላይ ተቀመጠች፤ መንገድ ስትሄድ እንደ እርጉዝ ሴት ጎኗን በእጇ ደገፍ ታደርግ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከወረቀቱ ነው። የሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ የሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግታ ብዙ ቆየች። የአባት ስም ሌላ፣ የእናት ስም ሌላ፣ አገሩም ሌላ። በብራዚል ሕግ ዘመድ ለዘመዱ እንዲሁ ይሰጣል፤ ባዕድ ግን ዳኛ ካልፈቀደለት አይሰጥም፣ የሰው አካል እንዳይሸጥ ነው። ከማዶ የመጣች ባዕድ ሴት ስትሆን ደግሞ ዳኛው ወራት ይመረምራታል። ከወዲህ፣ ኡራጓይ እንዳያሠሩትም፣ ቫልዲር እዚያ መዝገብ ላይ የለም። ሠራተኛዋ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ እህቱ ከሆንሽ የዲ ኤን ኤ ምርመራ ይበቃል፣ እናታችሁ እውነቱን ለዳኛው ትንገረው፣ በሁለት ሳምንት ያልቃል አለቻቸው።

ኔልሲ ከአውቶቡስ እንደወረደች በቀጥታ እናቷ ዘንድ ሄደች። ኦቲሊያ ሁሉን ሰምታ የማቴ ቅሏን አስቀመጠች።

"ወረቀቱን አትንኪው ልጄ" አለች።

"እማዬ፣ የሰፈሩ ሁሉ ወረቀት እኮ ነው። በዚህ ዕድሜሽ ማን ያስርሻል?"

"እስሩ አይደለም።" አሮጊቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ወረቀቱ የወንድምሽ አይደለም። የጁሬማ ልጅ ወረቀት ነው። ወልዳ፣ ቫልዲር ብላ አስመዝግባው፣ በዘጠኝ ቀኑ ሞተባት። ሞተ ብሎ ለመናገር አንጀቷ አልቻለም፤ ጓሮዋ ብርቱካኑ ሥር ቀበረችው። በወሩ እኔ ወንድምሽን ወለድኩ። ስሙ ባዶውን አይቅር ብላ ወረቀቱን አምጥታ አልጋዬ ላይ አኖረችው።"

ኔልሲ መቀመጫ ሳበች። ወንድሟ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በሞተ ሕፃን ስም ሲማር፣ ሲመርጥ፣ ሲታከም ኖሯል። ቀጥሎ ግን ተናደደች። የጁሬማ ሐዘን አርባ አንድ ዓመት ቆይቷል፣ ወንድሜ ግን አርባ ሳምንትም የለው አለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያለች እናቷን ወተወተቻት። ቫልዲር ራሱ ተይው ብሏት ነበር፤ እንደ ባዕድ እናመልክት፣ እጠብቃለሁ አለ። ዓይኑ ሥር ያበጠውን እያየች ጠብቅ ማለት አልሆነላትም፤ አልሰማችውም።

ሁለቱ አሮጊቶች ተደጋግፈው ዳኛ ፊት ቀረቡ። ጁሬማ ስለ ዘጠኙ ቀን ስትናገር ጸሐፊዋ መጻፏን አቆመች። ምርመራው ወንድምና እህት ናቸው አለ። ዳኛው ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፤ በፍቅር ያደረጉት ነው ብሎ አሮጊቶቹን ማራቸው፣ ኔልሲም እንድትሰጥ ፈቀደ። ኔልሲ ከደስታ ብዛት እዚያው አለቀሰች። ዳኛው ከዚያ፣ ሕግ ነውና፣ አንድ መስመር ጨመረ፤ የጁሬማ ልጅ ቫልዲር በዘጠኝ ቀኑ መሞቱ በመዝገብ ይስፈር አለ።

ሰፈረ። አንድ ማኅተም ለመምታት ወር የሚያመላልስ ቢሮ ይህችን በሁለት ቀን ጨረሳት።

ሰኔ ላይ ሻንጣቸውን ይዘው ፖርቶ አሌግሬ ደረሱ። በመቀበያው መስኮት ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አየች፣ ቫልዲርን አየች፣ እንደገና ኮምፒውተሯን አየች።

"ታካሚው ሞቷል ይላል" አለች።

"እኔም ጠርጥሬ ነበር" አላት ቫልዲር።

ልጅቷ አልሳቀችም። አለቃዋን ጠራች፣ አለቃዋም የራሱን አለቃ ጠራ። መዝገብ ላይ ለሌለ ሰው አካል አይተከልም፤ አዲስ ወረቀት ይዘህ ና ተባለ። አዲስ ወረቀት እንዲወጣለት ደግሞ በተወለደበት አገር መመዝገብ ነበረበት፤ ሪቬራም አርባ አንድ ዓመት ዘግይቶ ለመጣ ልጅ ያዋለደች ሴት ምስክር አምጡ አለ፣ ያዋለደችውም ከሞተች ቆይታለች። ከሪቬራው ቢሮ እስከ ሊቭራሜንቶው ቢሮ ድረስ ሦስት መቶ እርምጃ ነው። ወረቀቱ ያችን ለመሻገር ሰኔን ፈጀ፣ ሐምሌንም ጀመረ። የሰኔው ቀጠሮ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ኔልሲ የራሷን ሆስፒታል ዳይሬክተር ለመነችው። በክብር አስቀመጣት፣ ውሃ አስመጣላት፣ እኛ የምናክመው አባሎቻችንን ነው፣ አባል ለመሆን ደግሞ መታወቂያ ያስፈልጋል አላት። ወጥታ አንሶላዋን አጠፈች። የሊቭራሜንቶ ነርሶች ግን፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ቫልዲርን አላባረሩትም፤ ስሙን በእርሳስ እየጻፉ ማሽኑ ላይ ያስተኙት ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደሙ በቱቦው ሲዞር ኔልሲ አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ ሆድ ባሳት።

"እኔ ነኝ የገደልኩህ" አለችው።

"ገና አልሞትኩም። ወረቀቱን ትተሽ እኔን እዪኝ።" እጇን ፈልጎ ያዘ። "አየሽ፣ በመጨረሻ ልዩነቱ ገባኝ። ያንቺ ሆስፒታል መታወቂያ የለህም ይለኛል፤ የኔው ደግሞ አንተ ራስህ የለህም ይለኛል።"

ረቡዕ ዕለት እዚያው ማሽን ላይ ልቡ ቆመች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ከሁለት ያጣ ሰው መቀበሪያም ያጣል። የሊቭራሜንቶው መዝገብ ቤት ይህ ሰው ከአርባ አንድ ዓመት በፊት ሞቷል፣ አንድ ሰው ሁለቴ አናሞትም አለ። የሪቬራው ደግሞ ፋይሉ አንድ ፊርማ ቀርቶታል፣ ገና ልደቱ አልጸደቀም፣ ያልተወለደ ሰው ሞት አንጽፍም አለ። ሬሳው ሁለት ቀን በረዶ ቤት ዋለ፣ አደረ። በመጨረሻ ጁሬማ፣ ዓይኗ እያየ አያይም፣ ምርኩዟን ይዛ ብቻዋን ወጣች። ፍርድ ቤቱ የሰጣትን የሕፃኑን የሞት ምስክር ወረቀት ከከተማው መቃብር ቢሮ መስኮት ላይ አስቀምጣ፣ ልጄን ልቀብር ነው አለች። ወረቀቱ እውነተኛ ነው፣ እናትየዋም እሷ ናት፤ ቦታ ሰጧት።

ቅዳሜ ጠዋት የሁለቱም ማዶ ሰው ወጣ። የጎማ ቤት ጓደኞቹ ሳጥኑን በትከሻቸው ተሸክመው ሲደርሱ ቆፋሪው ሽማግሌ ጉድጓዱ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሳጥኑን አየና ቆቡን አወለቀ። ጉድጓዱ አንድ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው፤ ንጹሕ አድርጎ፣ ጠርዙን አስተካክሎ ቆፍሮታል።

"የዘጠኝ ቀን ልጅ ነው ያሉኝ" አለ፣ ከቢሮ የደረሰውን ወረቀት እያሳየ። "የዘጠኝ ቀን ነው እኮ የሚለው።"

ጁሬማ ምን እንዳለ አልሰማችም፤ ኦቲሊያ ሰምታለች፣ ፊቷን አዞረች። ኔልሲ ከመጋቢት ጀምሮ ከጠረጴዛ ልብስ የከበደ ነገር አላነሳችም፤ እንደ እንቁላል የጠበቀችው ኩላሊት ጎኗ ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ተቀምጧል። ወደ ሽማግሌው ሄዳ ዶማውን ከእጁ ወሰደች። አንዱ የጎማ ሠራተኛ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

"ተወኝ" አለችው። "ከእንግዲህ ለማን ብዬ ነው የምጠነቀቀው?"

መሬቱ በብርድ ጠጥሮ ነበር። ወንዶቹም አካፋ አምጥተው ገቡበት፤ ቫልዲርን ለመያዝ እስኪበቃ ድረስ እስከ ቀትር ቆፈሩ።