ውሃው ሽታውን ያጣ ሰሞን

«ውሃችሁ ምን ተገኝቶ ነው እንዲህ የጣፈጠው?» አለች ለቅሶ ልትደርስ የመጣች ጎረቤት፣ ብርጭቆዋን ጨልጣ።

የሟቹ ሚስት ባዶውን ብርጭቆ ተቀበለቻት። ባሏ ከተቀበረ ሳምንት አልሞላም። ቤቱ በለቀስተኛ ተጨናንቋል፤ እሷ ግን ባዶ ቤት የተቀመጠች ያህል ብቻዋን ነበረች።

ባሏ የመንደሩን የውሃ ታንከር የሚጠብቅ፣ ክሎሪን የሚጨምር ሰው ነበር። «በረኪናው» ይሉት ነበር። ይህችው ጎረቤት እንኳ መንገድ ላይ ስታገኘው አፍንጫዋን ይዛ፣ «በረኪናው፣ ዛሬስ ልታጠጣን ነው ልታጥበን?» ትለው ነበር።

«አንጀትሽን ነው የማጥበው!» ይላታል እየሳቀ።

ሚስቱም ብትሆን፣ ማታ ሲገባ «እጅህን ሳትታጠብ እንዳትነካኝ» ትለው ነበር።

ልጇ የሕፃኗን ጡጦ ልትሞላ ጆጉን ስታነሳ፣ እናቲቱን ያ የክሎሪን ሽታ ትዝ አላት። ብርጭቆ አንስታ አሸተተች። ምንም የለም። ከተሰቀለው የባሏ ካፖርት ኪስ የውሃ መመርመሪያውን ብልቃጥና ኪኒን አወጣች። ውሃ ቀድታ፣ እሱ ሲያደርግ እንዳየችው ኪኒኗን ጣለችበት። ክሎሪን ቢኖረው ሮዝ መሆን ነበረበት። ውሃው መልኩን ሳይቀይር ቀረ።

ጡጦውን ከልጇ እጅ ቀማች።

«እማዬ፣ ምን ነካሽ?»

«መድኃኒት የለውም! ሳታፈዪ እንዳትሰጪያት!» ከለቀስተኛው መሃል ወደተቀመጠው የመንደሩ ውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ዞረች። «አሁን ማነው የሚጨምረው?»

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔማ ረዳት ያለው መስሎኝ...»

«ረዳት ስጡኝ ብሎ ስንቴ ለመነዎት?»

«ተይ እንጂ እህቴ፣ ለቅሶው ይለፍና እንነጋገራለን።»

«ልጆቹስ? ለቅሶው እስኪያልፍ ውሃ አይጠጡ?»

እሷ የታንከሩን ቁልፍና ባልዲውን ይዛ ወጣች። ጎረቤቷ ከኋላዋ ደርሳ ባልዲውን ተቀበለቻት።

«መጠኑን አንቺ አሳዪኝ፤ ጉልበቱ ከኔ።»

ምሳ ስታደርስለት ዘወትር ታየው ስለነበር መጠኑ አልጠፋትም። በእሱ ጣሳ የክሎሪኑን ዱቄት ለክታ በጠበጠች፤ ታንከሩ ውስጥ ጨመረች። መድኃኒቱ እስኪሠራ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ከቧንቧው ቀድታ ስትሞክረው ብልቃጡ ሮዝ ሆነ።

ያኔ መዳፏን አሸተተች። እሱን እሱን አላት።

ሲመለሱ ቤቱ ጭር ብሏል። ጎረቤቷ አዲሱን ውሃ ቀድታ፣ አፍንጫዋን ሳትይዝ ጠጣች።

«እጅሽን ላስታጥብሽ?» አለቻት።

«ተይው፣ ይቆይልኝ» አለች፣ ሁለት እጆቿን ጉንጮቿ ላይ አድርጋ።

ሰብሳቢው ሄዷል። ልጇም «ለልጄ ፈራሁ» ብላ ሕፃኗን አዝላ ወደ ከተማ ሄዳለች። ጎረቤቷ ቀረች።